ዙፋን ሲወድቅ በሩ ላይ የቆመው ማን ነው?



«ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» እያለ ለዘመናት የኖረ ሕዝብ፣ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በአንዲት ቮልስዋገን መኪና ከቤተ መንግሥታቸው ሲወሰዱ አየ። ከዚያች ዕለት ወዲህ የፖለቲካ ጨዋታ በተነሣ ቁጥር የማይቀር አንድ ጥያቄ አለ፤ «ጃንሆይ ባይወርዱ ኖሮ ዛሬ የት በደረስን ነበር?» የሚል። ቀድሞ ጥያቄውን የሚያነሡት ዘመኑን የኖሩበት አዛውንቶች ነበሩ። አሁን ግን ከአብዮቱ በኋላ፣ ጥቂቶቹም ከደርግ በኋላ የተወለዱ ወጣቶች ሲደግሙት እሰማለሁ። አነጋገራቸው ውስጥ ናፍቆት አለ፤ ከናፍቆቱ ሥር ደግሞ «ይህ ሁሉ ፓርቲ ምን ፈየደልን?» የሚል ምሬት አለ።

ምሬቱ ይገባኛል። ጥያቄው ግን የሚያደርሰን ቦታ ያለ አይመስለኝም። ንጉሥ በአልጋው ላይ ቢቆይ ኖሮ የሚለው ግምት መልስ የለውምና። መልስ ያለው ሌላው ጥያቄ ነው፦ ዙፋኑ በወደቀ ሰዓት በሩ ላይ ተደራጅቶ የቆመው ማን ነበር? ሌሎቹስ ለምን በዚያ አልተገኙም? በእኔ እምነት ያለፉት አምሳ ዓመታት ታሪካችን ቁልፍ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው። ይህን ለማሳየት ከእኛ ታሪክ ጎን የአንዲት ሩቅ አገር ታሪክ አስቀምጣለሁ። አገሪቱ ኔፓል ናት።

አንድ ሳምንት፣ ሁለት ቤተ መንግሥት

በአጋጣሚ የሁለቱ አገሮች ታሪክ በአንድ ሳምንት ውስጥ ጎን ለጎን ቆሞ እናገኘዋለን። ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ለጉብኝት ብራዚል ሳሉ፣ የክብር ዘበኛው አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ ንዋይ መንግሥት ለመገልበጥ ተነሡ። ልክ ከሁለት ቀን በኋላ በካትማንዱ ንጉሥ ማሄንድራ በጦር ሠራዊታቸው ተደግፈው፣ በሕዝብ የተመረጠውን የጠቅላይ ሚኒስትር ቢ.ፒ. ኮይራላን መንግሥት አፈረሱ፤ ኮይራላንም አሰሩ። የኮይራላ ፓርቲ፣ የኔፓል ኮንግረስ፣ ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ገደማ በፊት በአገሪቱ የመጀመሪያ አጠቃላይ ምርጫ ከ109 መቀመጫዎች 74ቱን አሸንፎ ነበር።

በእኛ አገር ወታደር ንጉሡን ሊያወርድ ሞከረና ሳይሳካለት ቀረ። በዚያ አገር ንጉሡ ፓርቲዎቹን አወረደና ተሳካለት። በሁለቱም አገሮች ዘውዱ በአሸናፊነት ወጣ፤ በሁለቱም አገሮች ቀጣዮቹ ዓመታት ፓርቲ የሌለባቸው ዓመታት ሆኑ። ኔፓል ውስጥ «ፓንቻያት» የተባለ፣ ፓርቲን በሕግ የሚከለክል ሥርዓት ሠላሳ ዓመት ገደማ ገዛ። የሥርዓቱ ጠበቆች መከራከሪያ ለእኛም ጆሮ እንግዳ አይደለም፦ ፓርቲ የውጭ ሰው ልማድ ነው፣ ፓርቲ ሕዝብን ይከፋፍላል፣ አገር የሚስማማው በአንድ አባት ሥር ነው የሚል ነበር።

ልዩነቱ ግን አንድ ነው፤ ትልቅ ልዩነትም ነው። ኔፓል ውስጥ ፓርቲዎቹ ታገዱ እንጂ ከመጀመሪያው ያልነበሩ አልነበሩም። መሪዎቻቸው ታሰሩ፣ ወደ ሕንድ ተሰደዱ፣ በኅቡዕ ተንቀሳቀሱ፤ ሆኖም በሕዝቡ ዘንድ ስማቸው፣ ምልክታቸውና አንድ ጊዜ ተመርጠው የመግዛት ትዝታቸው ቀረ። በእኛ አገር ግን ሊታገድ የሚችል ፓርቲ እንኳ አልነበረም።

አምስት ምርጫ ያለ አንድ ፓርቲ

ይህን ስል ፓርላማ አልነበረንም ማለቴ አይደለም። ከ1923 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት ጀምሮ ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩን። በ1948 ዓ.ም. ሕገ መንግሥቱ ከተሻሻለ በኋላ የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ድምፅ ይመረጡ ጀመር፤ በየአራት ዓመቱም እስከ አብዮቱ ዋዜማ ድረስ አምስት ምርጫዎች ተካሄዱ። ለአንድ አፍሪካዊ አገር በዚያ ዘመን ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

ነገር ግን ተወዳዳሪው ሁሉ በግሉ የሚቀርብ ነበር። በምርጫ ወረዳው ንብረት ያለው ሰው መሆን ነበረበት፤ ፕሮግራም አልነበረውም፣ የሚጠይቀው ድርጅትም አልነበረም። ውጤቱን ለመረዳት የጭሰኛውን ሕግ ዕጣ መመልከት ይበቃል። በባለመሬቱና በጭሰኛው መካከል ያለውን ግንኙነት መልክ የሚያስይዝ ረቂቅ ለምክር ቤቱ ቀርቦ ዓመታት ተንከባለለ፤ ሳይጸድቅም አብዮቱ ደረሰ። ከመራጮቹ እጅግ ብዙዎቹ ገበሬዎች ሆነው ሳለ የገበሬው ጉዳይ ምክር ቤት ውስጥ ጠበቃ አጣ። ፓርቲ ቢኖር አንድ ሰው «የጭሰኛውን ሕግ አጸድቃለሁ» ብሎ ድምፅ በጠየቀ፣ ባያደርገውም በሚቀጥለው ምርጫ በተጠየቀ ነበር። ፓርቲ በሌለበት ግን እያንዳንዱ ባለመሬት እንደራሴ ስለ ራሱ መሬት ድምፅ ሰጥቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ተጠያቂም የለም።

ፖለቲካ በበሩ እንዳይገባ ሲከለከል በመስኮት መግባቱ አይቀርም። የእኛ ፖለቲካ በዩኒቨርሲቲው መስኮት ገባ። «መሬት ለአራሹ» የሚለው መፈክር በየካቲት 1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ይዘውት የወጡት፣ ምክር ቤቱ ሊናገረው ያልደፈረውን ነገር ነበር። ከዚያም ታሪካችን የሚያስገርም መልክ ያዘ። መላ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ንቅናቄ (መኢሶን) በ1960 ዓ.ም. ሐምቡርግ ተመሠረተ፤ ኋላ የኢትዮጵያ ሕዝባዊ አብዮታዊ ፓርቲ (ኢሕአፓ) የሆነው ድርጅት በ1964 ዓ.ም. በርሊን ተመሠረተ። የመጀመሪያዎቹ ትልልቅ ኅብረ ብሔራዊ ፓርቲዎቻችን የተወለዱት ጀርመን አገር ነው። መሥራቾቻቸው ከዘመናቸው ወጣት ሁሉ የተማሩ፣ ለወገናቸው ሕይወታቸውን ለመስጠት የቆረጡ ነበሩ፤ ይህን የሚክድ ሰው ሐሰተኛ ነው። ነገር ግን አንድም ጊዜ ገበሬ ደጃፍ ቆመው ድምፅ አልለመኑም፤ አንድም ጊዜ በምርጫ ተሸንፈው «ለሚቀጥለው እንዘጋጅ» አላሉም። ያንን የሚማሩበት ቦታ ተዘግቶባቸው ነበርና።

የካቲት ሲመጣ

የ1966ቱ የካቲት የመጣው በዚህ ሁኔታ ላይ ነው። የወሎ ረሀብ ነበር፣ የነዳጅ ዋጋ ንሯል፣ መምህራን በትምህርት ማሻሻያው ጥናት ተቈጥተዋል። የነገሌ ቦረና ወታደሮች ዐመፁ፤ የአዲስ አበባ ባለ ታክሲዎች ሥራ አቆሙ፤ ቀጥሎም የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌደሬሽን አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በሚያዝያ ሙስሊም ኢትዮጵያውያን ክርስቲያን ወንድሞቻቸውን ጭምር አስከትለው የሃይማኖት እኩልነት ጠየቁ። የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ወረደ፤ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ተተኩ፤ ዘውዱን በሕግ የሚገድብ ሕገ መንግሥት የሚያረቅቅ ጉባኤም ተሰየመ።

እስቲ አስቡት። ያ ሁሉ ሕዝብ በአደባባይ ነበር። ጥያቄው ግልጽ ነበር። መንግሥቱ ተዳክሞ ለድርድር ዝግጁ ነበር። የጎደለው ምን ነበር? የአደባባዩን ጥያቄ ሰብስቦ ወደ ጠረጴዛ የሚያመጣ፣ «በዚህ እንስማማለን፣ በዚያ አንስማማም» የሚል፣ የፈረመውንም ለደጋፊው አስረድቶ የሚያስፈጽም አካል ነበር። ይህ አካል ፓርቲ ይባላል። እርሱ አልነበረንም።

የነበረን ሠራዊት ነው። ዕዝ ያለው፣ ሬዲዮ ያለው፣ መኪናና መሣሪያ ያለው፣ በየክፍለ ጦሩ ተወካይ ሊመርጥ የሚችል አንድ ድርጅት እርሱ ብቻ ነበር። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየክፍሉ የተላኩ፣ ከተራ ወታደር እስከ ሻለቃ የሚደርሱ መቶ ያህል ሰዎች አራተኛ ክፍለ ጦር ተሰባሰቡ። ከሦስት ወር ባነሰ ጊዜ አገሩ በእጃቸው ነበር። ሥልጣን በያዙበት ዕለት ባወጡት አዋጅ ፓርላማውን ዘጉ፣ ሕገ መንግሥቱን አገዱ፣ የሥራ ማቆም አድማንና ሰላማዊ ሰልፍን ከለከሉ። «ያለ ምንም ደም» የተባለው ለውጥ ሁለት ወር ተኩል ሳይሞላው ኅዳር 14 ቀን 60 ያህል ባለሥልጣናት ያለ ፍርድ ተገደሉ፤ አክሊሉና እንዳልካቸውም ከእነርሱ ጋር ነበሩ።

እንግዲህ ንጉሠ ነገሥቱን ያወረደው ደርግ ነው ቢባልም፣ ለደርግ በሩን ክፍት አድርጎ ያቆየለት በሰላሙ ዘመን ፓርቲ እንዳይበቅል የወሰነው ያው ሥርዓት ነው። ለናፍቆተኛ ወዳጆቼ የምለው ይህንን ነው። ጃንሆይ ትምህርት ቤት ከፈቱ፣ ዩኒቨርሲቲ አቋቋሙ፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን አዲስ አበባ ላይ አስመሠረቱ፤ ይህ ሁሉ እውነት ነው። ነገር ግን ያስተማሩትን ወጣት በሕግ የሚደራጅበት አንዲት ጠባብ በር እንኳ አልተዉለትም። የ82 ዓመት አዛውንት ሲወርዱ በሩ ላይ የቆመው ወታደር ብቻ የሆነው በድንገት አልነበረም።

ሁለተኛ መውጣትን ያልለመደ ፖለቲካ

ከዚያ በኋላ የሆነው ልብ ይሰብራል። ከስደት የተመለሱት ፓርቲዎች በአንድ ጥያቄ ላይ ተለያዩ፦ ደርግን ወዲያው መቃወም ወይስ ቀርቦ መግራት? ኢሕአፓ ጊዜያዊ ሕዝባዊ መንግሥት ይቋቋም አለ፤ መኢሶን «ሂሳዊ ድጋፍ» ብሎ ተጠጋ። በሠለጠነ ፖለቲካ ይህ በጋዜጣና በምክር ቤት የሚያከራክር የስልት ልዩነት ነው። በእኛ አገር ግን በጥይት የሚፈታ ሆነ። ገዳዩና ዋናው ተጠያቂ ደርግ ነው፤ ቀይ ሽብርን ያወጀው፣ ሬሳ መንገድ ላይ ያሰጣው መንግሥት ነው። ሆኖም በፓርቲዎቹ መካከልም አንዱ ሌላውን እንደ ተፎካካሪ ሳይሆን እንደሚጠፋ ጠላት ማየቱ ለገዳዩ ሥራ አቀለለት። በ1969 ዓ.ም. ማብቂያ መኢሶንም ወደ ኅቡዕ ገባ፤ መሪዎቹም የኢሕአፓ ልጆች የቀመሱትን ጽዋ ቀመሱ።

ደርግ ብቻውን ሲቀር ራሱን ፓርቲ አደረገ። በአብዮቱ አሥረኛ ዓመት የተመረቀው ኢሠፓ ከመንግሥት የተወለደ ፓርቲ ነው፤ መንግሥቱ ሲወድቅም አብሮ ወደቀ። በ1983 ዓ.ም. ደግሞ በጠመንጃ ያሸነፈ ግንባር መጣ። በሰኔው ጉባኤ ቻርተር ጸደቀ፣ 87 መቀመጫ ያለው የተወካዮች ምክር ቤት ተቋቋመ፤ ኢሕአፓና መኢሶን ግን ከጉባኤው ውጭ ቀሩ፤ በዓመቱም ኦነግ ጥሎ ወጣ። ጠረጴዛው ተዘርግቶ ነበር፤ ወንበሩ ግን እየጎደለ ሄደ።

የ1997ቱን ምርጫ የአዲስ አበባ ሰው አይረሳውም። ቅንጅት በከተማዋ ያሉትን 23 የፓርላማ መቀመጫዎች በሙሉ ወሰደ። ያ ግንቦት በታሪካችን ፓርቲና ሕዝብ የተገናኙበት ብርቅ ጊዜ ነበር። ቀጥሎ ደም ፈሰሰ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ይህ የገዥው ፓርቲ ዕዳ ነው። መሪዎቹ ሲፈቱ ግን እርስ በርስ ተካሰው ተበተኑ፤ ይህኛውን ዕዳ ለማንም ማሸከም አይቻልም። ከዚያ በ2007 ዓ.ም. ምርጫ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ። መቶ በመቶ ያሸነፈ ፓርቲ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ከገዛ ቤቱ ተሰነጠቀ፤ በ2012 ዓ.ም. ግንባሩ ፈርሶ ብልጽግና ሲመሠረት ሕወሓት አልገባም አለ፤ በዓመቱ በጥቅምት 2013 የተጀመረው ጦርነት ያስከተለውን ሁላችንም እናውቃለን። የፓርቲ ውስጥ ጠብ የአገር ጦርነት የሚሆነው፣ ፓርቲና መንግሥት፣ ፓርቲና ጠመንጃ አንድ አካል ሲሆኑ ነው።

በዚህ ሁሉ ዘመን ሥልጣን በምርጫ ከአንድ ፓርቲ ወደ ሌላ ፓርቲ ተላልፎ አያውቅም። አንድ ጊዜም ቢሆን።

የኔፓል ጥቅምና ኪሳራ

ወደ ካትማንዱ እንመለስ። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በ1990 ኮንግረስና የግራ ፓርቲዎች ኅብረት በጋራ ባስነሡት ንቅናቄ የፓርቲ እገዳው ተነሣ፤ ንጉሥ ቢሬንድራ በሕገ መንግሥት የሚገደብ ዘውድ ተቀበሉ። ነገር ግን ፓርቲዎቹ ሥልጣኑን ሲያገኙ እርስ በርስ ተናጩ፤ መንግሥት በየዓመቱ ገደማ ተቀያየረ። ገጠሩ ተረሳ። በ1996 ማኦይስቶቹ ጫካ ገቡ፤ እስከ 17,000 የሚደርስ ሕዝብ ያለቀበት የዐሥር ዓመት ጦርነት ተከተለ። በ2001 ንጉሥ ቢሬንድራና ቤተሰባቸው በቤተ መንግሥት ውስጥ ተገደሉ፤ ወንድማቸው ጋኔንድራ ነገሡ። በየካቲት 2005 አዲሱ ንጉሥ የአባታቸውን መንገድ ተከትለው ሥልጣኑን ሁሉ ጠቀለሉ።

እዚህ ላይ ነው ኔፓላውያን እኛ ያላደረግነውን ያደረጉት። ሰባት ፓርቲዎች እርስ በርስ ያላቸውን ቂም ወደ ጎን አድርገው፣ ትናንት ከሚዋጓቸው ማኦይስቶች ጋር በኅዳር 2005 ባለ 12 ነጥብ ስምምነት አደረጉ። በሚያዝያ 2006 ሕዝቡ 19 ቀን በአደባባይ ቆመ፤ ንጉሡ ፓርላማውን መልሰው ጠሩ። ሠራዊቱ ሥልጣን አልያዘም፤ ሊይዘው የሚችል ባዶ ወንበር አላገኘምና። ግንቦት 28 ቀን 2008 የሕገ መንግሥት ጉባኤው 560 ለ4 በሆነ ድምፅ ዘውዱን ሰረዘ። ንጉሡ ቤተ መንግሥታቸውን ለቀው ወጡ፤ ማንም አልገደላቸውም፤ በአገራቸው እንደ አንድ ዜጋ ኖሩ፤ ቤተ መንግሥቱ ሙዚየም ሆነ። በ2013 ሁለተኛው ጉባኤ ሲመረጥ፣ በመጀመሪያው አንደኛ የነበሩት ማኦይስቶች ሦስተኛ ወጡ። ተጭበርብሯል ብለው ጮኹ፤ ወደ ጫካ ግን አልተመለሱም፤ ገብተው ተቀመጡ። ሕገ መንግሥቱም በ2015 ጸደቀ።

ይህን ያነበበ «ታዲያ ፓርቲ ካለ ሁሉ አለ ማለት ነው?» ይል ይሆናል። አይደለም። ኔፓል ሌላም ትምህርት አላት። ሦስቱ ትልልቅ ፓርቲዎች ከ2008 በኋላ ወንበሩን እንደ ዕቁብ ተቀባበሉት። ዴኡባ ከዚያ በፊት የያዙትን ጨምሮ ለአምስት ጊዜ፣ ኦሊ ለአራት ጊዜ፣ ፕራቻንዳ ለሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ጉልቻ ቢቀያየር ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ የሥራ አጥ ወጣት ጎርፍ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች መሰደዱን ቀጠለ፤ ይህንን የእኛ አንባቢ ያለ ማብራሪያ ያውቀዋል። በመጋቢት 2025 ንጉሡ ይመለሱ የሚሉ ሰልፈኞች ካትማንዱን ሞሉ። በመስከረም ደግሞ መንግሥት ማኅበራዊ መገናኛዎችን ሲዘጋ ወጣቱ ወጣ፤ በመጀመሪያው ቀን ብቻ 19 ሰዎች ተገደሉ፤ በማግሥቱ የፓርላማው ሕንፃ ተቃጠለ፤ ኦሊ ሥልጣን ለቀቁ። የቀድሞዋ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት ሱሺላ ካርኪ ጊዜያዊውን መንግሥት ያዙ፤ ምክር ቤቱ ተበትኖ ለመጋቢት 2026 ምርጫ ተጠራ።

በዚያ ቍጣ መካከል እንኳ መውጫው ምን እንደ ነበር አስተውሉ፦ ምርጫ። ንጉሥ አልተመለሰም፣ ጄኔራልም አልነገሠም። የፓርቲ ልማድ፣ ምንም ቢበላሽ፣ አገርን ከገደል አፋፍ መልሶ የሚይዝበት አንድ ገመድ አለው።

ታዲያ ለእኛ?

ከሁለቱ ታሪኮች የምወስደው ይህንን ነው። አንደኛ፣ ፓርቲ የሚያስፈልገው በቀውጢ ቀን ነው፤ የሚበቅለው ግን በሰላም ቀን ነው። በሰላሙ ቀን ተቃዋሚውን ያሰረ፣ ቢሮውን የዘጋ፣ አዳራሽ የከለከለ መንግሥት የራሱን አወራረድ በገዛ እጁ እየጻፈ ነው፤ በሩ ላይ የሚቆመው መሣሪያ የያዘ ብቻ ይሆናልና።

ሁለተኛ፣ የፓርቲ ትልቁ ፈተና መሸነፍ ነው። ተሸንፎ የሚኖር፣ በምክር ቤት አናሳ ሆኖ የሚሟገት ፓርቲ እስካልኖረን ድረስ እያንዳንዱ ምርጫችን የሞት ሽረት ትግል ይሆናል። በገዛ ጉባኤው ሊቀ መንበሩን በድምፅ ቀይሮ የማያውቅ ተቃዋሚ ፓርቲም፣ አገር በድምፅ እንዲቀየር ለመጠየቅ አንደበቱ ሊከብደው ይገባል።

ሦስተኛ፣ ጠብ ያለባቸው ፓርቲዎች ሁሉንም ነገር መስማማት አይጠበቅባቸውም። የኔፓሎቹ ስምምነት ዐሥራ ሁለት ነጥብ ብቻ ነበር። እኛ በባንዲራ፣ በታሪክ፣ በፌደራሊዝም ካልተስማማን አንቀመጥም እንላለን። ያልተስማማንበትን ለመራጩ ትተን፣ ጠመንጃ ላለማንሣትና የተቈጠረ ድምፅ ለመቀበል ብቻ እንኳ ብንፈራረም ከአምሳ ዓመት በፊት ባልነበረን ቦታ ላይ እንቆማለን።

ለወጣቶቹ የመጨረሻ ቃሌን ልበል። «ፓርቲ አያስፈልገንም» የምትሉት ባያችኋቸው ፓርቲዎች ተናዳችሁ እንደ ሆነ አልፈርድባችሁም። ነገር ግን ፓርቲ የሌለባት ኢትዮጵያ አዲስ ሐሳብ አይደለችም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. ነበረች። መምህሩ፣ ባለ ታክሲው፣ ሠራተኛው ሁሉ አደባባይ ወጥቶ ድምፁን ካሰማ በኋላ ወደ ቤቱ ሲገባ፣ ያልተበተነው ሠራዊቱ ብቻ ነበር። የወደዳችሁትን ፓርቲ ግቡበት፤ ካላገኛችሁ መሥርቱ፤ ከገባችሁም በኋላ መሪያችሁን ጠይቁ፣ አልመልስ ካለ በድምፅ አውርዱት።

ልቦና ይስጠን። ቸር ይግጠመን።